የመጨረሻው ሰው ጀርባ

ጋሽ ነጅሙዲን ለሦስተኛ ጊዜ ከብስክሌታቸው ወረዱ። ካደሩባት ከኦቨርተን ከተማ ከተነሡ ገና አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላቸውም። ሃዲያ ፍሬኗን ያዘችና አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳርፋ ከኋላቸው ቆመች።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም የኔ ልጅ። ይህችን ላም ልያት ብዬ ነው።»

ላሚቱ ከሽቦው አጥር ወዲያ ቆማ አልፋልፋ የሚባለውን የከብት መኖ ታመነዥካለች። ጥቁርና ነጭ ናት። ሃዲያ ለመታየት የሚያበቃ ነገር ብትፈልግ ብትፈልግ አላገኘችባትም። ጋሽ ነጅሙዲን ግን እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ ከብት ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ሰው ከቀንዷ እስከ ጭራዋ መረመሯት።

«ማሻ አላህ» አሉ። «ግቷን አየሽው?»

«አየሁት። እንሂድ?»

«አንቺ ቅደሚ።»

«አይ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ቅደሚ እንጂ፣ ምን ችግር አለው።»

«እርስዎ እያሉ? እንዴት ተደርጎ!»

ጋሽ ነጅሙዲን ተንፍሰው ብስክሌታቸው ላይ ወጡ። የቀሩት ተጓዦች ቅድም ከአልፋልፋው እርሻ ጫፍ ላይ ቀይና ቢጫ ነጥብ ሆነው ይታዩ ነበር። አሁን ነጥቡም ጠፍቷል።

የሃዲያ ችግር ለመናገር ቀላል ነው፤ ዛሬ ማንንም መቅደም አይፈቀድላትም። በሕይወቷ ደግሞ የማትችለው ነገር ቢኖር አለመቅደም ነው። ሊፍት ስትጠብቅ ቁልፉን ደጋግማ ትጫናለች። ሰው ሲያወራት ዐረፍተ ነገሩን እሷ ትጨርስለታለች። ብስክሌት የጀመረችውም የሄንደርሰንን መንገድ በመኪና ተሰልፋ መሄድ ስለሰለቻት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የላስ ቬጋስን ዳገት ሁሉ ጨርሳ፣ ወንዶቹን ከኋላዋ ማስቀረት ስትጀምር፣ ዴብራ የምትባል አንዲት አሜሪካዊት አየቻት። ዴብራ በየወቅቱ ሰዎችን በቡድን አሰባስባ ከላስ ቬጋስ ተነሥታ በገጠሩ መንገድ እስከ ዩታ በብስክሌት ትወስዳለች። የምትፈልገው ጋይድ፣ መንገድ መሪ ነበር። ሃዲያን ለሙከራ ይዛት ወጣች።

ሙከራው በመጀመሪያው ቀን ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ትናንት ከከተማ ሲወጡ ሃዲያ የተመደበችው መሐል ላይ ነበር። መሐል ያለ ጋይድ ሥራው መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ቆሞ ለኋለኞቹ አቅጣጫ ማሳየት ነው። ኤፔክስ የሚባለው መገንጠያ ላይ ቆመች፤ ጠበቀች፤ ዐሥር ሰው አሳለፈች። ከዚያ አራት ፈጣን ጎረምሶች እየተፎካከሩ ሲያልፉ እግሯ አላስቻላትም፤ ተከተለቻቸው። ኋላ ብቻዋን የመጣች አንዲት ሴትዮ የሚያሳያት አጥታ ወደ መጋዘኖቹ ሰፈር ገባችና ከከባድ መኪናዎች ጋር ስትጋፋ ተገኘች።

ማታ ዴብራ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ፈጣን መሆንሽን አይቻለሁ» አለች። «ፈጣን ሰው ሞልቶኛል። ነገ ከሁሉም ኋላ ነሽ። ቀኑን ሙሉ የምታዪው የመጨረሻውን ሰው ጀርባ ነው። ከዚህ በብስክሌት የወጣ ሁሉ ሜስኪት ከተማ በብስክሌት ይግባ። አንድም ሰው ሻንጣ የሚጭነው ቫን ላይ አይውጣብሽ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መግቢያው ይዘጋል። ይህን ከቻልሽ የበጋው ሥራ ያንቺ ነው። ካልቻልሽ ግን…»

ቀሪውን ሃዲያ ራሷ ጨረሰችው። ካልቻለች ሰኞ ሺፍቷ ይጠብቃታል። ሦስት ዓመት ሙሉ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ቆማለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የሆቴል አስተዳደር ነው፤ እስካሁን ያስተዳደረችው ግን የክፍል ካርድ ብቻ ነው። ሰው ተሰልፎ ይመጣል፤ ሁሉም መስኮቱ ወደ ፏፏቴው እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ እሷ ከቆመችበት ቦታ ደግሞ ምንም መስኮት አይታይም።

ስለዚህ ዛሬ የመጨረሻው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ነበረባት። ጠዋት ዓይኗን ገልጣ ስታይ ጋሽ ነጅሙዲን ናቸው።

ጋሽ ነጅሙዲን የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ላስ ቬጋስ ላይ ሊሙዚን ይነዳሉ። ከአባቷ ጋር በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ፤ ሃዲያ ስትመረቅ ዱዓ ያደረጉላት እሳቸው ናቸው። እዚህ ጉዞ ላይ የተገኙት ደግሞ በቲፕ ነው። ለጉዞው የተመዘገበ አንድ ሰውዬ እናቱ ታማበት በድንገት ወደ አገሩ ሲመለስ ኤርፖርት ያደረሱት እሳቸው ነበሩ። ሰውዬው ሲወርድ ኪሱን ዳበሰና፣ «የብስክሌት ጉዞ ልስጥህ?» አላቸው። እምቢ ማለት ነውር ስለመሰላቸው ተቀበሉ። «ሰው ለሾፌር ገንዘብ ይሰጣል፣ እኔን ላብ ሰጠኝ» እያሉ ትናንት ሁሉንም ሲያስቁ አመሹ።

ዛሬ ጠዋት ዴብራ ሁሉንም ሰብስባ፣ «ሃዲያ ዛሬ ከኋላ ናት» ብላ ስታስታውቅ ጋሽ ነጅሙዲን አልነበሩም። የቫኑን ሾፌር ሰርፀን ሻንጣ በመጫን እያገዙት ነበር፤ ማንም አግዙኝ ያላቸው የለም። ሲመለሱ ሰው ሁሉ ሄዷል፤ ሃዲያ ብቻ ቆማለች።

«ምነው ልጄ፣ ቀረሽሳ?»

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። የአባቷን እኩያ፣ «እርስዎ የመጨረሻ ስለሆኑ እየጠበቅሁዎት ነው» ትበላቸው? አይባልም። አፏ ላይ የመጣላትን አለች።

«ጉልበቴን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል። እኔ ቀስ እላለሁ፤ እርስዎ ይቅደሙ።»

ጋሽ ነጅሙዲን ጉልበቷን አዩ፤ ፊቷን አዩ። «አብሽሪ» አሉ። «እኔም ሽማግሌ ነኝ። ቀስ እያልን ነዋ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ሃዲያ ይህን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ አትወደውም። እንቁላሉ ተነሥቶ ሄደ እንጂ የት እንደደረሰ የነገራት ሰው የለም።

ሎጋንዴል ሲደርሱ ጋሽ ነጅሙዲን የጫማ ክራቸው ተፈታ። አሰሩት። ትንሽ ሄደው እንደገና ተፈታ። የፈረስ ግቢዎቹን አልፈው፣ የድርቆሽ ክምር ቤት አክሎ የቆመበት እርሻ ዘንድ ሲደርሱ ወረዱና አንድ እፍኝ ነጭተው አሸተቱ። ለእሷም ሰጧት። አሸተተች። ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል።

ወገቧ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንጫጫ።

«ሃዲያ፣ ሃዲያ፣ ነፍስሽ አለች?» ሰርፀ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሬዲዮ ሲይዝ የስፖርት ጋዜጠኛ የሆነ ይመስለዋል።

«አለች።»

«የት ደረስሽ?»

«ድርቆሽ ጋ።»

«ቅድም ላም ጋ ነኝ አላልሽኝም?»

«አሁን ድርቆሽ ጋ ነኝ አልኩህ እኮ!»

«ላሟም ድርቆሹ ጋ ካንቺ ቀድማ ትደርስ ነበር። ፊተኞቹ ምሳ በልተው ዳገቱን ሊጀምሩ ነው። ኦቨርታይም እንዳታስቆጥሪኝ።»

ሬዲዮውን አጠፋችው። እግሮቿ ፔዳሉ ላይ እንደ ታሰረ ፈረስ ይቁነጠነጣሉ። ቀላሉን ማርሽ አስገብታ በባዶ አሽከረከረች፤ ከባዱን አስገብታ ቆማ ረገጠች፤ የጋሽ ነጅሙዲን የኋላ ጎማ ግንባሯ ላይ ሲመጣባት መልሳ ፍሬን ያዘች። ጀርባቸውን በቃሏ አወቀችው። ነጭ ሸሚዝ ነው፣ የሊሙዚን ሥራ ሸሚዛቸው፤ ከመሐል ወደ ግራ ጠመም ብሎ የሄደ አንድ የካውያ መስመር አለው። ጥቁሩን ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከተዋል። በየደቂቃው ዞር ብለው ያዩዋታል። ዞር ባሉ ቁጥር ብስክሌታቸው ዝግ ይላል፤ የእሷም ዝግ ይላል። እንዲህ ከቀጠሉ የተዘራው አልፋልፋ ደርሶ ይታጨዳል።

ዙሁር ሲገባ ከመስኖው ቦይ ዳር ቆሙ። ጋሽ ነጅሙዲን በቦዩ ውኃ ውዱእ አደረጉ፤ ሃዲያም ሄልሜቷን አውልቃ ሻሿን አስተካከለች። እሳቸው ከፊት ሆነው አሰገዱ፣ እሷ ከኋላቸው ቆመች። እዚህም ከኋላ ናት። መንገደኞች ስለሆኑ ሶላቱን አጣምረው አሳጠሩት። ዛሬ ከነገር ሁሉ ያጠረው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። እርሻው አለቀና አረንጓዴው እንደ ምንጣፍ ጫፍ ተቆረጠ፤ በአውራ ጎዳናው ዳር ወደ ሞርሞን ሜሳ መውጣት ጀመሩ። ሜሳው አናቱ የተደለደለ ደረቅ አምባ ነው። ከባድ መኪናዎቹ ባጠገባቸው ሲያልፉ ንፋሳቸው ብስክሌቷን ይገፋታል። ለሃዲያ ይህ ዳገት የሻይ ዕረፍት ያህል ነበር፤ በእርምጃ ፍጥነት መውጣት ግን ሌላ ሥቃይ ነው፤ ሚዛን ለመጠበቅ እንኳ ትከሻዋ ዛለ። ጋሽ ነጅሙዲን ፊት ፊት እያዘገሙ ዞረው ያዩዋታል። መኪናዎቹን ፈርተው መስሏት፣ «አይዞዎት ጋሼ!» ብላ ጮኸች። እሳቸውም በእጃቸው ምልክት ሰጡና መልሰው፣ «አይዞሽ!» አሉ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ነጅሙዲን ቆሙ። ስልካቸውን አውጥተው ከፈቱ፤ አየር ላይ ከፍ አድርገው አዩት፤ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ራቅ ብለው አፋቸውን በመዳፋቸው ጋርደው አወሩ። ሃዲያ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሜስኪት ገና ነው። ውኃ ጠጣች፤ ሳይጠማት ደገመች።

ብዙ ሳይቆይ ቫኑ መጣና ከመንገዱ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ቆመ። ሰርፀ ዘሎ ወረደ፤ የኋላውን በር ከፈተ።

«ግቢ» አላት።

«ምን?»

«ግቢ ተብለሻል። ጉልበትሽ።»

«ማነው ያለው?»

ሰርፀ በአገጩ ወደ ጋሽ ነጅሙዲን ጠቆመ። እሳቸው ሰማዩን እያዩ ነው።

«ደውለውልኝ ነው» አለ ሰርፀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «‹ይህች ልጅ ኩሩ ናት፤ አልቻልኩም አትልም፤ ሳትወድቅብኝ ና ውሰድልኝ› አሉኝ። ደነገጥኩ። ለዴብራ በሬዲዮ ነገርኳት።»

«ለዴብራ ነገርካት?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሩል ነው። የታመመ ጋይድ ከኋላ አይሆንም አለች። ቫኑ ላይ ትውጣ፣ ቦታዋን እኔ እይዛለሁ ብላ ራሷ እየመጣች ነው።»

ሃዲያ የተከፈተውን በር አየችው። ውስጡ ሻንጣና የበረዶ ሣጥን ነው። ከሻንጣዎቹ ወዲያ ግን ለእሷ የታያት የእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ነው። ሰኞ ማታ፤ ሰልፉ፤ ፏፏቴው።

«ጋሽ ነጅሙዲን» አለች።

«አቤት የኔ ልጅ።»

«ጉልበቴን አላመመኝም።»

«አብሽሪ፣ አያሳፍርም እኮ። መኪና ላይ መውጣት ምን ነውር አለው፣ እኔ ራሴ በመኪና ነው የምኖረው።»

«አላመመኝም! ጠዋት ዋሽቼዎት ነው። ከኋላ የሆንኩት ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሰው ሁሉ አልፎ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነው የምሄደው። የመጨረሻው ሰው ደግሞ… እርስዎ ነዎት።»

አንድ ከባድ መኪና አለፈ። ሰርፀ የቫኑ ጎማ ላይ በድንገት አንድ የሚታይ ነገር አገኘ።

«እኔ?» አሉ ጋሽ ነጅሙዲን።

«አዎ።»

«ውራ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

ጋሽ ነጅሙዲን ስልካቸውን አጠፉ፤ ኪሳቸው ከተቱ፤ መልሰው አወጡ። ፊታቸው ቀላ። ሃዲያ በቃ፣ ይህ ነገር ከአባቴ ጆሮ ደርሶ ለሦስት ጁምዓ ይወራል ብላ አሰበች።

«ወላሂ» አሉ በመጨረሻ፣ «ላንቺ ብዬ ነው እንጂ!»

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለች እንዴ! ላም አይቼ የማላውቅ መሰለሽ? ኮምቦልቻ እኮ ነው የተወለድኩት! ከላም ጋር አንድ ጣራ ሥር ነው ያደግሁት! ‹ትንሽ ትረፍ› ብዬ ነው ያቺን ላም እንደ ሐኪም ስመረምር የቆየሁት። የጫማ ክሩስ? በአንድ ቀን አራት ጊዜ የሚፈታ የጫማ ክር አይተሽ ታውቂያለሽ? ድርቆሹንስ ልበላው ነው የማሸተው? በየደቂቃው እየዞርኩ አይሻለሁ፤ ስዞር ቀስ ብለሻል፤ ‹ይህች ልጅ ባሰባት› እላለሁ። አንገቴ ተቆልምሞ ሊቀር ነው!»

ሰርፀ የቫኑ ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ሆዱን ይዞ ነው። «እናንተ ሰዎች» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «ስትከባበሩ እዚሁ አምባ ላይ ልታድሩ ነበር።»

«ዝም በል አንተ!» አሉት ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

«አትናገሪም ነበር ታዲያ?» አሉ ጋሽ ነጅሙዲን ወደ እሷ ዞረው።

«እንዴት ብዬ? ‹ጋሼ፣ ውራ ነዎት› ልበልዎት?»

አሰቡበት። «እሱስ» አሉ ቀዝቀዝ ብለው፣ «እሱስ አይባልም።»

ሃዲያ ወገቧ ላይ ያለውን ሬዲዮ መልሳ ከፍታ ዴብራን ጠራች። በእንግሊዝኛ ጉልበቷ ደህና እንደሆነ፣ ሰውዬውን ላለማሳፈር ብላ እንደዋሸች፣ ሰውዬውም እሷን ላለማሳፈር ብለው ቀኑን ሙሉ ሲያዘግሙ እንደዋሉ ነገረቻት። በእንግሊዝኛ ሲባል ሁለት እብዶች ያደረጉት ይመስላል።

«የመጨረሻ መሆኑን ብትነግሪው ምን ይሆን ነበር?» አለች ዴብራ። «አንድ ሰው የግድ የመጨረሻ ነው።»

«እኛ ዘንድ አይባልም።»

«ሰዓትሽን አይተሻል?» አለች ዴብራ።

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው እኔ እመለሳለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ያው አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

ሃዲያ ቀና ስትል ጋሽ ነጅሙዲን ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ እንደገና እየጠቀጠቁ ነው። ብስክሌታቸው ላይ ወጡ፤ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ሃዲያ።»

«አቤት።»

«ከቻልሽ እንግዲህ ከኋላዬ ተገኚ።»

ሄዱ። አምባውን ቶሎ ጨርሰው ወደ ቨርጂን ወንዝ ቁልቁለቱን ጀመሩ። ጋሽ ነጅሙዲን ሰውነታቸውን መሪው ላይ አስተኙት፤ ነጩ ሸሚዝ ንፋስ ገብቶበት እንደ ጆንያ ተነፋ። ሃዲያ ከጠዋት ጀምሮ የታመቀውን ሁሉ ፔዳሉ ላይ አወረደችው። ጆሮዋ ውስጥ ንፋስ ጮኸ። ካቴናዋ ዘፈነ። ከታች ወንዙ በአረንጓዴ እርሻ ተከቦ ይታያል፤ ሲመጣ ሲመጣ እየሰፋ ዛፉ ዛፍ፣ ቤቱ ቤት ሆነ። ድልድዩን በአንድ ትንፋሽ ተሻገሩት። ሽማግሌው አልዘገዩም፤ እሷም ፍሬን አልነካችም። ቀኑን ሙሉ የተደሰተችው ያኔ ብቻ ነበር፤ ቶሎም አለቀ።

ከድልድዩ ወዲህ መንገዱ በወተት ላሞች እርባታ መሐል ያልፋል። እዚያ አጥር ዘንድ ሁለት ብስክሌት ተደግፎ ቆሟል። ከተጓዦቹ መካከል ከአይዋ ግዛት የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቆሎ ሲያርሱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ባልየው አጥሩ ላይ ተደግፎ ትራክተር ላይ ከተቀመጠ ገበሬ ጋር ጨዋታ ይዟል፤ ሚስትየዋ ጥጃ ግንባር ታካለች።

ጋሽ ነጅሙዲን እጃቸውን አውለብልበው፣ «ሃሎ! ሃሎ!» ብለው አለፉ። ነጩ ሸሚዝ እየራቀ ሄደ።

የሃዲያ ፍሬን ጮኸ። ቆመች። ከእንግዲህ የመጨረሻዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሰዓቷን አየች። በደህና ከነዱ ይደርሳሉ። በእያንዳንዱ በረት ከቆሙ አይደርሱም። እንዴት ልበላቸው ብላ አሰበች፤ አፏ ግን ከአእምሮዋ ቀደመ።

«ጉልበቴን ትንሽ አሞኛል» አለች በእንግሊዝኛ፣ «እባካችሁ ከፊት ከፊት ብትሄዱልኝ…»

«ወይ ልጄ!» ሴትዮዋ ጥጃውን ትታ መጣች። «የትኛው ጉልበት? አብጧል? ይኸው ክኒን አለኝ። እንዴት በታመመ ጉልበት ትነጂያለሽ? አሁኑኑ ቫኑን እንጥራልሽ።» ስልኳን አወጣች።

«አይ! አይደውሉ!»

ሁለቱም ደንግጠው አዩዋት። ትራክተሩ ላይ ያለው ገበሬም አያት። ሃዲያ ለአንድ ቀን ሁለት ውሸት እንደሚበዛ ገባት።

«ጉልበቴ ደህና ነው» አለች። «እውነቱን ልንገራችሁ። እናንተ የመጨረሻ ናችሁ። እኔ ከኋላችሁ እየነዳሁ ሁላችሁንም ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ካስገባሁ ሥራ አገኛለሁ። ካላስገባሁ ሆቴል ቤት ቆሜ ቁልፍ ወደማደልበት እመለሳለሁ። በየበረቱ ከቆማችሁ አንደርስም።»

ይህን የሚያህል ባለጌ ንግግር ለትልቅ ሰው ተናግራ አታውቅም። ሴትዮዋ ግን ስልኳን ዘጋች።

«ታዲያ ይህን አስቀድመሽ አትይም?» አለች። ባልየው ገበሬውን በእጁ ተሰናበተና፣ «የልጅቷ ሥራ ነው» ብሎ ብስክሌቱን አነሣ። አበቃ። ማንም አልተቀየመም። ሃዲያ ትንሽ ቅር አላት፤ ከጠዋት ጀምሮ በከንቱ የለፋች መሰላት።

በንከርቪል የምትባለውን መንደር አለፉ። ባልና ሚስቱ ፈጣን አይደሉም፤ ግን እንደ በሬ ሳይቆሙ ይሄዳሉ። አንዴ አንዲት ውርንጭላ ከእናቷ ጋር ስትዘል ታየችና የሴትዮዋ እጅ ወደ ፍሬኑ ሄደ፤ ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እጇ ተመለሰ። ሃዲያ ከኋላቸው ሆና በልቧ ትገፋቸዋለች። ፀሐይዋ ዘመም አለች። አልፋልፋ ማጠጫው ውኃውን እየረጨ ዞረ። ሰዓቷን ላለማየት እጇን ገልብጣ መሪውን ያዘች፤ መልሳ አየችው።

ሜስኪት ሲገቡ፣ ከመናፈሻው በፊት ባለው የመጨረሻ መታጠፊያ፣ አንድ ዘንባባ ሥር አንድ ሰው ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል። ነጭ ሸሚዝ።

«ምን እየሠሩ ነው?» ብላ ጮኸች ሃዲያ።

«ምን እሠራለሁ፣ ስጠብቅሽ ነዋ» አሉ ጋሽ ነጅሙዲን። «አብረን ወጥተን ብቻዬን ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሁሉም ገብተዋል?»

«ሁሉም ገብተዋል።»

ባልና ሚስቱ አለፏቸው። እንግዲህ የመጨረሻው ሰው እንደገና ጋሽ ነጅሙዲን ናቸው። መግቢያው መስመር ከዚህ ይታያል፤ ዴብራ ከመስመሩ አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«በሉ ይቅደሙ» አለች ሃዲያ።

«አሁንስ ገብቶኛል» አሉ እየሳቁ፤ ቀደሙ።

ቀደሙ፤ ግን ጋሽ ነጅሙዲን ናቸው። ቀድመው የገቡት ተጓዦች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሲያዩዋቸው አጨበጨቡ። ጭብጨባ ደግሞ ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ አጸፋ ይፈልጋል። ከመስመሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ብስክሌታቸውን አቆሙ፤ ወረዱ፤ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ለአንዱ፣ ከዚያ ለሌላው እጅ መንሣት ጀመሩ። አንደኛው ተነሥቶ ጨበጣቸው። ሌላው ስለ ዳገቱ ጠየቃቸው። ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ።

ሃዲያ ከኋላቸው ቆማ የዴብራን እጅ አየች። ሰዓት ያሰረችበት እጇ ከሌላው ላይ ተነሣ።

«ጋሽ ነጅሙዲን!» አለች። ድምፅዋ ጥጃ እንደሚያባርር ሰው ነበር። «ይግቡ! አሁን ይግቡ! ሰላምታው ይደርሳል!»

ሰርፀ ከቫኑ ጣራ ላይ ሻንጣ እያወረደ ደርቆ ቀረ። ጋሽ ነጅሙዲን ዞረው አዩዋት፤ ከዚያ ብስክሌታቸውን እየገፉ በእግራቸው ሮጡ። መስመሩን ተሻገሩ። እሷም ተከትላቸው ተሻገረች።

ዴብራ ሰዓቷን አሳየቻት። አላለፈም፤ ሊያልፍ ግን አፋፍ ላይ ነበር።

«ከሰኞ ጀምሮ ነሽ» አለች ዴብራ።

«ከፊት?»

«ከኋላ። ከፊት የሚሄድ ሰው አላጣም። ላም ከሚያይ ሰው ጋር ግማሽ ቀን ቆሞ የሚውል ግን አሁን ነው ያገኘሁት።»

«በጋውን ሙሉ ከኋላ?»

«በጋውን ሙሉ።»

ሃዲያ አሰበች። ባንኮኒ ኋላ መቆም አለ፤ ሰው ኋላ መንዳት አለ። የሰው ጀርባ ቢያንስ ይንቀሳቀሳል። «እሺ» አለች፤ ዴብራ ሌላ ነገር ልትጨምር ስትል ጥላት ሄደች።

እራት ሲቀርብ ሰው ሁሉ ሳህን ይዞ ተሰለፈ። ሃዲያ ሰልፉን አየችና ሳህን ሳታነሣ ዞረች። እግሮቿ እንደነበሩ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሄደው ያልሄዱ እግሮች። ብስክሌቷን አንሥታ በመጣችበት መንገድ፣ ወደ እርሻዎቹ፣ ብቻዋን ወጣች። ማርሹን ከባዱ ላይ አደረገችው። ከፊቷ ማንም የለም፤ የቤቶቹ ጥላ መንገዱን አቋርጦ ተኝቷል።

ብዙም ሳትርቅ ከኋላዋ የካቴና ድምፅ ሰማች። ዞር አለች። ነጭ ሸሚዝ ነው፤ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው በናፕኪን የተጠቀለለ ዳቦ ይዟል።

«በዚህ ምሽት ብቻሽን የት ነው?» አሉ ጋሽ ነጅሙዲን ከሩቅ። «እራትሽንም ሳትበዪ!»

«ቅርብ ነው ጋሼ! ይመለሱ!»

«ተይ እንጂ፣ ልጅ ብቻዋን ትቼ! ሂጂ ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ!»

እጇ ከልማድ ወደ ፍሬኑ ሄደ። መለሰችው። ከኮርቻዋ ተነሥታ ቆመች፤ ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠች፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም አልጠበቀችም።